ከፊታችን የሚቀርበው ሲበዛ ሳናውቀው ብዙ እንበላለን ወይ? ስለ ምግብ መጠን እንወያይ

ፖቶማክ (ሜሪላንድ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ስለ ምግብ ስናወራ ሁልጊዜ የምናነሳው ዓይነቱን ነው። ጤፍ ይሻላል፣ ዘይት ይቀነስ፣ ስኳር ይቅር እንላለን። ስለ ብዛቱ ግን እምብዛም አንናገርም። ዛሬ እሱን ላንሳ ብዬ ነው።

አሜሪካ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። መጀመሪያ ሰሞን ምግብ ቤት ገብቶ ያዘዘው ሲመጣለት «ይሄን ሁሉ ማን ሊጨርሰው ነው?» ይላል። ግማሹን ትቶ ይነሳል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ያንኑ ሳህን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ከድሮው የበለጠ ስለራበው አይደለም። ሥራውም ጉልበት የሚጨርስ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቻችን ቀኑን የምንውለው መኪና ውስጥ ወይም ወንበር ላይ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

በዚህ ላይ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጥናት በጣም አስገርሞኛል። የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ተመራማሪ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ነው። አዋቂ ሰዎችን በተለያዩ ቀናት ምሳ አበሏቸው። ምግቡ ያው ነው፣ ማካሮኒ በቺዝ። የሚለያየው መጠኑ ብቻ ነው። አንድ ቀን 500 ግራም፣ ሌላ ቀን 625፣ ሌላ ቀን 750፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሙሉ አንድ ኪሎ ቀረበላቸው። ጨርሱ ያላቸው የለም፤ የፈለጉትን ያህል በልተው መተው ይችላሉ። አንድ ኪሎ በቀረበላቸው ቀን የበሉት ካሎሪ 500 ግራም ከቀረበላቸው ቀን በ30 በመቶ በለጠ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በልተው ሲያበቁ ምን ያህል እንደጠገቡ ተጠየቁ። የተለየ ጥጋብ አልተሰማቸውም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ መጠኑ ከቀን ወደ ቀን መለያየቱን እንኳ ልብ አላሉም።

እኛ ጋስ እንዴት ነው? ከአንድ ትሪ ለሚበላ ሰው የራሱ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። እስቲ የቤታችሁን አጫውቱኝ።

የቄራ ልጅ (አዲስ አበባ)

ርዕሱ ጥሩ ነው እህቴ። ግን ሰው ሲርበው ይበላል፣ ሲጠግብ እጁን ይታጠባል። እዚህ ያለው ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው። የአንድ እንጀራ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከየሱቁ የምንገዛው እንጀራ እየሳሳና እየጠበበ ዋጋው ግን ወደ ላይ ነው። ስንት ቤት ነው ምሳን ዘሎ ማታ ብቻ የሚበላው! ስለ መብዛት የሚጨነቀው የሞላለት ነው።

ጤና አዳም (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

የቄራ ልጅ፣ የኑሮውን ነገር እውነት ብለሃል። «ሲጠግብ ይተዋል» የምትለው ላይ ግን አልስማማም።

ጥጋብ ዘግይቶ የሚመጣ ስሜት ነው። ጨጓራ መለጠጥ አለበት። ምግቡ ወደ አንጀት መውረድ አለበት። ከዚያ ከአንጀት የሚመነጩ ሆርሞኖች ለአንጎል «በቃ» የሚል መልእክት ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው ምን ያህል እንደምንበላ በአብዛኛው የሚወስንልን ዓይናችንና ልማዳችን ነው። ሰው አንድ ሳህን ሲቀርብለት «ይሄ የእኔ ምሳ ነው» ብሎ ይጀምራል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ምሳው አለቀ ማለት ነው። ያለቀው 400 ግራም ይሁን 700 ግራም ሆድ ወዲያው አያውቅም።

ፖቶማክ ያነሳሽው ጥናት ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮክሬን በሚባለው የጥናት ግምገማ ሥርዓት 72 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ያገኙት ወጥ ነገር ነው። ትልቅ መጠን፣ ትልቅ ማሸጊያ ወይም ትልቅ የገበታ ዕቃ ሲቀርብላቸው ሰዎች የበለጠ ይበላሉ፣ የበለጠ ይጠጣሉ። ትልልቁን መጠን ከዕለት ምግብ ጨርሶ ማስቀረት ቢቻል እንግሊዝ ያለ አዋቂ በቀን ከ12 እስከ 16 በመቶ፣ አሜሪካ ያለው ደግሞ ከ22 እስከ 29 በመቶ ካሎሪ ሊቀንስ እንደሚችል ገምተዋል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ግምገማ ደግሞ የቀረበው መጠን እጥፍ ሲሆን የሚበላው በአማካይ በ35 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። እጥፍ ቀረበ ማለት እጥፍ ተበላ ማለት አይደለም። ሰው የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። የሚቆመው ግን ከሚያስፈልገው አልፎ ነው።

«ዛሬ ቢበዛበት ነገ ይቀንሳል» የሚል ይኖራል። ይህንንም ሮልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ፈትሸውታል። ለ11 ተከታታይ ቀናት የሚቀርበውን ምግብ ሁሉ በግማሽ አሳደጉት። ሰዎቹ በቀን በአማካይ 423 ካሎሪ ጨምረው በሉ። ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ሲደርሱም አልቀነሱም። ሰውነት ሂሳቡን አላወራረደም።

ይህ ስንወለድ ይዘነው የመጣነው ነገር አይመስልም። ትንንሽ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት የ3 ዓመት ልጆች የቀረበላቸው ቢበዛም ቢያንስም የሚበሉት ያንኑ ያህል ነበር። የ5 ዓመቶቹ ግን ሲበዛላቸው ጨመሩ። በመካከሉ ሳህን መጨረስን እያስተማርናቸው ይሆናል።

ኮሰረት

ጤና አዳም እግዜር ይስጥልን። ታዲያ መፍትሔው ትንሽ ሳህን መግዛት ነው? ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የሚለው ይህንን ነው። ሰማያዊ ሳህን ነው የሚሻለው የሚልም አይቻለሁ።

ጤና አዳም

ኮሰረት፣ እዚህ ላይ ብንጠነቀቅ ጥሩ ነው። የሳህን ወሬውን በዓለም ላይ ያናኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ ነበር። ስሙ በየጋዜጣው ይጠራ ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን ሲፈትሹ አልገጥም አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ጥሰት መፈጸሙን አረጋገጠ። ብዙ ጽሑፎቹ ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። እሱም ሥራውን ለቀቀ።

እነ ሮልስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የሳህንን ስፋት ለብቻው ፈትነውት ነበር። ትንሽ ሳህን የተሰጣቸው ሰዎች ያነሰ አልበሉም። ነገሩ ግልጽ ነው። ሳህኑ ትንሽ ቢሆንም ድስቱ አጠገብ ካለ ሰው ይደግማል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ሳህን ላይ አታውሉ። ለውጥ የሚያመጣው ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ምግብ ብዛት ነው። ፖቶማክ በጠቀሰችው በ2002ቱ ጥናት ገሚሱ ሰው ምግቡ በሳህን ተለክቶ ነበር የተሰጠው። ሌሎቹ ከትልቅ ዕቃ እየቀዱ ለራሳቸው ያወጡ ነበር። በሁለቱም ወገን የታየው አንድ ነው፤ ብዙ ሲቀርብ ብዙ ተበላ። ይህ ለእኛ ትሪ የቀረበ ይመስለኛል።

ባለ ማዕድ (ቨርጂኒያ)

እኔ ሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አስተናጋጅም ኩሽናም። ከእኛ በኩል ያለውን ላጫውታችሁ።

አንድ በያይነቱ ሲታዘዝ ትሪው ላይ ሙሉ እንጀራ ይነጠፋል። በላዩ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ይደረጋል። በጎን ደግሞ ተጠቅልሎ ሌላ እንጀራ ይመጣል። ይህ ለአንድ ሰው ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለአንድ ሰው ብዙ ነው።

ታዲያ ለምን አትቀንሱም ትሉኛላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለምግብ ቤት ውድ የሆነው ሽሮው አይደለም። የቤት ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ መብራቱ ነው። አንድ ጭልፋ ምስር መጨመር የሚያስወጣው ሳንቲም ነው። ደንበኛው ግን ያንን ጭልፋ ያየዋል። ትሪው ሳሳ ካለ «እዚህ ቤት ቆጥቋጮች ናቸው» ይባላል፤ ኢንተርኔት ላይም ይጻፋል። ትሪው ሲሞላ «ለሁለት ይበቃል፣ ዋጋው ያዋጣል» ተብሎ ይመሰገናል። ስለዚህ ማንም ባለቤት ቀድሞ ለመቀነስ አይደፍርም። ጎረቤቱ ከጨመረ እሱም ይጨምራል። የአሜሪካኖቹም ምግብ ቤቶች በዚሁ መንገድ ነው እዚህ የደረሱት።

ያስተዋልኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥቅል እንጀራውን ሳይጠየቅ ስናቀርብ ያልቃል። «ከፈለጋችሁ እንጨምራለን» ብለን ስንተው ግን ብዙው ሰው አይጠይቅም። ቅር ብሎትም አይሄድም። ያው ሰው፣ ያው ወጥ ነው። ልዩነቱ እንጀራው ዓይኑ ሥር መኖር አለመኖሩ ነው።

ሌላው ቦክስ ነው። ፈረንጁ ሳይጨርስ «ቦክስ አምጪልኝ» ይላል፣ ለነገ ምሳ ይይዛል። የእኛ ሰው በተለይ ከእንግዳ ጋር ከሆነ ይሄ ይከብደዋል። አስጠቅልሎ ከመሄድ እዚያው ታግሎ መጨረስን ይመርጣል። እባካችሁ ቦክስ ጠይቁ። እኛ ደስ ይለናል እንጂ አንታዘብም።

የጓዳ ሰው (ደሴ)

ልጆቼ፣ ደህና ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ ስለ ቤት ገበታ ልናገር።

ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። በሳህን ሲሆን ግማሽ ደረሰ፣ አለቀ ይባላል። በትሪ ግን ወጡ ሲያንስ እናት መሀል ላይ ትጨምራለች። እንጀራው ሲያልቅ ሌላ ይዘረጋል። የሚቆመው ሁሉም እጁን ሲሰበስብ ነው። ቀድሞ እጁን የሰበሰበ ደግሞ መከራውን ያያል። «ምነው? ወጡ አልጣመህም?» ይባላል። «በሞቴ!» ይባላል። ከዚያ ጉርሻ ይመጣል። «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። የጠገበ ሰው እንደዚህ አድርጎ ይቀጥላል። ይህ ፍቅር ነው፣ አልነቅፈውም። ግን ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰውም በዚያው ልክ እናጎርሳለን። ይሄ ያሳስበኛል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ስሙኝ። በስንት ቤት ነው እናት መጨረሻ የምትበላው? አባወራውና እንግዳው ይበላሉ፣ ልጆች ይበላሉ፣ እሷ የተረፈውን ጓዳ ውስጥ ትቀምሳለች። የተረፈው ብዙ ከሆነ «ከሚደፋ» ብላ ትጨርሳለች። ካልተረፈ ቡና ጠጥታ ታድራለች። የእሷን መጠን የሚወስነው የሌላው ሰው ሆድ ነው። ነፍሰ ጡርም ሆና፣ እያጠባችም እንደዚሁ ነው። ስለ መጠን ከተነሳ ይህ መነሳት አለበት። ለእናት ድርሻዋ አስቀድሞ ተለክቶ ይቀመጥላት እላለሁ።

ጤና አዳም

እማማ፣ ይህንን በማንሳትዎ አመሰግናለሁ። የምግብ ዳሰሳ የሚያደርጉ ባለሙያዎችን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ከጋራ ትሪ የአንዱን ሰው ድርሻ መለካት በጣም ከባድ ነው። በዚህም የተነሳ የእናቶች ጉድለት ይደበቃል። ቤተሰቡ በቂ የበላ ይመስላል፣ እሷ ግን አልበላችም።

አብሮ መብላትንም በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። ሰዎች ከዘመድና ከወዳጅ ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚበሉት በግልጽ የሚበልጥ ይበላሉ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲሆኑ ግን ይህ ጎልቶ አይታይም። እኛ ደግሞ ከማናውቀው ጋር የምንበላው ስንት ቀን ነው?

ይህን ስል ግን ብቻችሁን ብሉ ማለቴ አይደለም። አብሮ መብላት ለመንፈስ የሚሰጠውን ካሎሪ አይለካውም።

የቄራ ልጅ

እማማ ስለ እናቶች ያሉት ልቤን ነክቶታል። የእኔም አቋም እሱ ነው፣ የአገራችን ዋናው ችግር እጥረት ነው። ከዚያ ላይ ግን አልነቃነቅም።

ሆኖም ከተማው ላይ ሌላ ነገር እያየሁ ነው። ለስላሳን ውሰዱ። እኛ ልጆች ሳለን ለስላሳ ማለት የጠርሙሱ ነበር፣ 300 ሚሊ ሊትር። ጠጥተህ ጠርሙሱን ትመልሳለህ፣ በቃ። አሁን ወጣቱ የሚይዘው የፕላስቲኩን ግማሽ ሊትር ነው። እሱንም እንደ አንድ ይቆጥረዋል። «አንድ ኮካ ጠጣሁ» ነው የሚለው። በጠርሙሱ ጊዜ ከ30 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስኳር ነበር የሚጠጣው፣ አሁን ከ50 ግራም በላይ ሆኗል። ጤና አዳም፣ በቀን የሚፈቀደው ስንት ነው?

በርገር ቤቱም እንዲሁ ነው። ባለ ሁለት ሥጋ፣ ባለ ሦስት ሥጋ፣ በላዩ ቺፕስ። አንዱ የሚበላው ጠፍቶበት ያድራል፣ ሌላው በልቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ሁለቱም አንድ ሰፈር ውስጥ ናቸው።

ጤና አዳም

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ወደ 50 ግራም ገደማ ይመጣል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ስለዚህ አንዷ ግማሽ ሊትር የቀኑን ጣሪያ ትጨርሰዋለች። ገና ሻይ አልተጠጣም።

ዘጠነኛ መንገድ (ዋሽንግተን ዲሲ)

የቄራ ልጅ ያልከው እዚህ ቀድሞ የሆነ ነው። የኮካ ኮላ የጥንቱ ጠርሙስ 192 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ እዚህ ከየሱቁ ፍሪጅ የምታወጣው የተለመደው ፕላስቲክ 591 ሚሊ ሊትር ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ማክዶናልድስ «ሱፐር ሳይዝ» የሚለውን እጅግ ትልቁን የድንች ጥብስና የመጠጥ መጠን እ.ኤ.አ. በ2004 አነሳ። የኒው ዮርክ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ምግብ ቤቶች ከ16 አውንስ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ በአንድ ኩባያ እንዳይሸጡ ለማገድ ሞከሩ። ያ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሰዉ ተቆጣ፣ ኩባንያዎቹ ከሰሱ፣ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2014 የግዛቲቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነገሩን ዘጋው።

እኔ ሐሳባቸውን እደግፍ ነበር። ሁለተኛ ኩባያ መግዛት አልተከለከለም። ሰው አንዱን ጠጥቶ «ልድገም ወይ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ነበር የተፈለገው። ያቺ ጥያቄ ብቻዋን ስንቱን ታስቆመው ነበር።

የካርሜል ጎረቤት (ሃይፋ)

ከእስራኤል ነው የምጽፍላችሁ። እኛ ይህን ነገር በቤታችን አይተነዋል።

ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ባጓጓዙት ዘመቻዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወላጆቻችን አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። ቀጫጭኖች ነበሩ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሄዱ። ስኳር በሽታ በእነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ግን ሐኪሞች ዓይነት ሁለት ስኳር በሽታን በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ማየት ጀመሩ። በሕክምና መጽሔቶችም ተጽፏል።

መጠን ብቻውን ያመጣው ነው አልልም። እንቅስቃሴ ቀረ። ጤፍና ጥራጥሬ በነጭ ዳቦና በሩዝ ተተካ። ግን መጠኑም ነበረበት። እናቴ ሀገር ቤት ምግብ የምትለካው በሌማት ነበር። ለስንት ሰው ስንት እንጀራ እንደሚበቃ እጇ ያውቀዋል። እዚህ የገባው ግን ሁሉም በማሸጊያ የመጣ ነው። ዳቦው በከረጢት፣ መጠጡ በሊትር ተኩል፣ ቢስኩቱ በትልቅ ካርቶን። ማሸጊያ የተከፈተ እንደሆነ መጨረስ ነው። ልኩን ፋብሪካው አወጣላት። ያ የእጇ ዕውቀት ሥራ ፈታ።

ለዚህ ነው በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለ ስኳር ስንመክር «ይህን አትብሉ» ከማለት «ለስንት ሰው ነው የሠራሽው?» ብሎ መጀመር ይሻላል የምለው። አሮጊቶቹ ይህ ቋንቋ ይገባቸዋል።

የበረሃ እንግዳ (ሪያድ)

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ሩዝ የሚቀርበው በትልቅ ሰፌድ ልክ ነው፣ ሥጋ በላዩ። የሚተርፈው ብዙ ነው። እኛ ሠራተኞቹ የተረፈውን ነው የምንበላው፣ ያውም ሌሊት ሥራ ሲያልቅ። ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ወፍረዋል። የራበው ሰው ዘግይቶ ብዙ ምግብ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? አሁን እኔ የራሴን ቀድሜ በትንሽ ዕቃ አውጥቼ አስቀምጣለሁ። እማማ ከላይ ስለ እናት ድርሻ ያሉትን ሳነብ ለእኛም የተባለ መሰለኝ።

ሰላሌ

አባቴ ስኳር አለበት። «እንጀራ ቀንስ» ስንለው ይቆጣል። «ተርቤ ልሙት ወይ?» ይላል። ምን እናድርግ? ጤና አዳም እባክሽ።

ጤና አዳም

ሰላሌ፣ መጀመሪያ አንድ አስቸኳይ ነገር። አባትህ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መጠን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ምግባቸውን በድንገት እንዳትቀንሱ። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ካነሰ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ አደገኛ ነው። ከሚከታተላቸው ሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ቀስ በቀስ ይሁን።

ቀጥሎ፣ አባትህ «ልራብ ወይ?» ማለታቸው ተገቢ ነው። ሰው ተርቦ አይዘልቅም። ለዚህ የመጠኑን ነገር ገልብጠን እንጠቀምበት። ብዙ ሲቀርብ ብዙ የሚበላ ከሆነ፣ መብዛት ያለበትን እናብዛው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣ ትሪው ላይ ሰፊ ቦታ ይያዙ። እነዚህ ውኃ የበዛባቸው ናቸው። ሆድ ይሞላሉ፣ ካሎሪያቸው ግን ትንሽ ነው። የእነ ሮልስ ቡድን ከምሳ በፊት ትልቅ ሳህን ቀለል ያለ ሰላጣ ያበላቸው ሰዎች ሰላጣውም ተቆጥሮ ከአጠቃላዩ ካሎሪ 12 በመቶ ቀንሰዋል። ቀድመው ሾርባ የጠጡት ደግሞ 20 በመቶ ቀንሰዋል። ማንም አልከለከላቸውም።

ግን አስተውሉ፣ ሰላጣው ዘይት ከተንቆረቆረበት ነገሩ ፈረሰ። ጎመኑም በዘይት ከዋኘ ጎመን መሆኑ ቀረ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። እኛ ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን ከጠርሙሱ ነው የምንጨምረው። ጾም ነው ብለን ዘይቱን እጥፍ የምናደርግ ብዙ ነን። በማንኪያ መለካት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

እንጀራውን ደግሞ አባትህ ፊት አትቁረጡ፣ ያስቀይማል። ጓዳ ውስጥ ግማሹን አጥፋችሁ አቅርቡ። ሌላውን መሶብ ውስጥ ክደኑት። ከጠየቁ ይሰጣቸው። ባለ ማዕድ የነገረችን ነገር እኮ በቂ ትምህርት ነው።

ፖቶማክ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዘመድ ይመጣብኛል። የተማርኩትን ልሞክር ነው። ዶሮው ያው ነው፣ ከእሱ አልቀንስም። ጎመኑንና ሰላጣውን አበዛለሁ፣ ቀድሜም አወጣለሁ። እንጀራውን በሙሉ ከምደረድር በየሰዉ አንድ አንድ አድርጌ የቀረውን ኩሽና እተወዋለሁ። ለስላሳውን ደግሞ በትልቁ ጠርሙስ ከማስቀምጥ በብርጭቆ እቀዳለሁ። ብቻ አንድ ነገር ያስፈራኛል። አክስቴ «ቆጠበችብን» እንዳትለኝ።

የጓዳ ሰው

ልጄ፣ እንግዳ ፊት ገበታ አይሳሳም። እዚህ ላይ ከሁላችሁም እለያለሁ። እንግዳ ተርቦልኝ ይሄድ ይሆን ብዬ ከምሳቀቅ ቢተርፍብኝ ይሻለኛል። ማብዛቱን አብዢ፣ ልመናውን ግን ቀንሺ። «በቃኝ» ሲሉሽ አንድ ጊዜ «ትንሽ ጨምሩ» በያቸው፣ ሁለተኛ አትበያቸው። ያ ብቻውን ስንቱን ያሳርፋል!

ባለ ማዕድ

እማማ ያሉት ይስማማኛል። ፖቶማክ፣ አንድ ዘዴ ልጨምርልሽ። ከአንድ ትልቅ ትሪ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ትሪ አድርጊው፣ አራት አራት ሰው እንዲከበው። ሁለቱም ሙሉ ሆነው ይታያሉ፣ አክስትሽ ምንም አትልሽም። በላያቸው የምታወጪው ወጥ ግን ከትልቁ ያንሳል። ቦክሶቹንም አስቀድመሽ ገዝተሽ አዘጋጂ። ሲሄዱ ለእያንዳንዳቸው ቋጥረሽ ስትሰጫቸው ማንም እዚያው መጨረስ አለብኝ ብሎ አይታገልም። እንጀራው እንዳይደርቅ ቦክሱ ውስጥ ከወጡ ለይተሽ በላስቲክ ጠቅልይው።